ፈጣን ሠራተኛ ለምን ይቀጣል?

"ሠራተኛው ሰነፍ ነው" የሚለው ክስ በየስብሰባው ይሰማል። ከሳሾቹ ግን አለቃው የሚቆጥረው ምን እንደሆነ አይጠይቁም።

በብዙ የመንግሥት ቢሮ የሚቆጠረው አሻራ ነው። ጠዋት ገብቶ፣ ማታ ሲወጣ ጣቱን ያሳረፈ ሁሉ "ሠርቷል"። አሥር ፋይል የጨረሰውም፣ አንዱን ይዞ የዋለውም ደመወዛቸው እኩል ነው። እንዲያውም አሥር ለጨረሰው የሌላው ፋይል ይጨመርለታል። ሰነፍ የለም ማለት አይደለም፤ አሻራ ግን ሰነፉን ከትጉሁ አይለይም።

በልብስ ፋብሪካ የስፌት መስመር ላይ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ በየሰዓቱ ቁራጭ ይቆጥራል። ዛሬ ከኮታዋ በላይ የሰፋች ልጅ፣ ነገ ያው ቁጥር ኮታዋ ሆኖ ይጠብቃታል። ደመወዟ ግን ያው ነው።

ሁለቱ ቁጥጥሮች ለየቅል ቢመስሉም ትምህርታቸው አንድ ነው፦ ፍጥነትህን ደብቅ!

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ገድቧል፤ ትርፍ ሰዓትንም በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ከልክሏል። የሰዓት ገደብ ግን በሰዓቱ ውስጥ ያለውን ጥድፊያ አያስቆምም።

ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን እየተባለ ስንት ስልጠና ተሰጠ፤ ስንት አበል ተከፈለ። ቀላሉ ነገር ግን አልተነካም። ኮታ አስቀድሞ ከሠራተኛው ጋር ይወሰን። ከዚያ በላይ የሠራ ይከፈለው። ቀድሞ የጨረሰ የሌላውን ሸክም በነፃ አይሸከም።

እስከዚያው ቀስ ማለት ራስን መጠበቅ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ "ነገ ተመለስ" የሚባለው ባለጉዳይ ነው።