አምራቾች ከኮፈኑ ሥር የቀየሩትን ይናገሩ

ራም የ2019 ሞዴል ከባድ ፒክአፖቹን ለአሜሪካ ገበያ ሲያቀርብ ሦስት ነገሮችን አጉልቶ ተናግሯል። የከሚንስ ሥራ የሆነው 6.7 ሊትር የናፍጣ ሞተር በከፍተኛ ደረጃው 1,000 ፓውንድ-ፉት ቶርክ መድረሱን፣ መኪናው እስከ 35,100 ፓውንድ መጎተት መቻሉን፣ በዳሽቦርዱ መሐልም ባለ 12 ኢንች ስክሪን መግጠሙን። ከኮፈኑ ሥር ግን ከነዚህ ሦስቱ የበለጠ የባለቤቱን ኪስ የሚነካ ለውጥ ነበር። ከ2003 እስከ 2018 ሞዴል ያገለገለው ሲፒ3 የተባለ የቦሽ የናፍጣ ፖምፓ ወጥቶ ሲፒ4 ገባ። በ2021 ሞዴል ሲፒ3 ወደ ቦታው ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር ገደማ ደግሞ ኩባንያው የ2019 እና የ2020 ሞዴል የሆኑ ከ222,000 በላይ መኪኖችን በሲፒ4 ምክንያት ለሪኮል ጠራ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዝግጅት ክፍላችን አቋም ግልጽ ነው። አምራቾች በየሞዴል ዓመቱ በሞተሩ፣ በካምቢዮው፣ በናፍጣ መስመሩና በጭስ ማጣሪያው ላይ ያደረጉትን ለውጥ ከነምርት ቀኑ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ አለባቸው። እስካሁን ይህን አለማድረጋቸው ጥፋት ነው። የሚቆጣጠራቸው የመንግሥት አካልም እንዲያደርጉት ማስገደድ አለበት።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በአትላንታ፣ በዳላስ፣ በዴንቨርና በሲያትል ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል በጭነት ሥራ የሚተዳደሩ ጥቂት አይደሉም። ትልቁን ባለ 18 ጎማ መግዛት ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ሰው ያገለገለ ከባድ ፒክአፕ ይገዛል፤ ረጅም ተጎታች ይቀጥልበትና መኪና፣ የግንባታ ዕቃ ወይም ማሽነሪ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ያመላልሳል። ያ ፒክአፕ የቤተሰቡ መተዳደሪያ ነው። አንድ ሳምንት ጋራዥ ከቆመ የዚያ ሳምንት ገቢ የለም፤ የባንክ ክፍያውና ኢንሹራንሱ ግን አይቆሙም። እንዲህ ያለ ገዢ መኪና ሲመርጥ የሚያየው የሞዴል ዓመቱን፣ የተነዳውን ማይልና ዋጋውን ነው። ማስታወቂያዎችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ አዲሱ ዓመት ሁልጊዜ ከአሮጌው ይሻላል ብለው። በፖምፓው ታሪክ ግን የ2018ቱ ከ2019ኙ ይሻል ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል። የዛሬ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን ወደ ኖዝሎቹ የሚልከው ወደ 2,000 ባር በሚጠጋ ግፊት ነው። ይህን ግፊት የሚፈጥረው ፖምፓ የራሱ ዘይት የለውም፤ የሚያለሰልሰው በውስጡ የሚያልፈው ናፍጣ ራሱ ነው። ሲፒ3 ሦስት ፒስተን አለው። በከባድ ፒክአፖች የተገጠመው ሲፒ4 ሁለት ነው ያለው፤ ቀለል ያለና ከሞተሩ የሚወስደው ጉልበትም ያነሰ ነው። በአምራቹ ዓይን ሲታይ መልካም ለውጥ ነው። ችግሩ ያለው በፒስተኑና በካሙ መካከል ባለው ትንሽ ሮለር ላይ ነው። ሮለሩን የያዘው ክፍል ከቦታው ትንሽ ከዞረ ሮለሩ በካሙ ላይ መሽከርከሩን ትቶ ይፍቀዋል። የተፋቀው ብረት እንደ ዱቄት ደቅቆ ከናፍጣው ጋር ይሄዳል፤ ወደ ኖዝሎቹ ይገባል፣ በመመለሻው ቧንቧ ወደ ታንኩ ይወርዳል። ስለዚህ ፖምፓው ሲበላሽ ፖምፓውን ብቻ ቀይሮ መገላገል አይቻልም። ኖዝሎቹ፣ ቧንቧዎቹ፣ ሬይሉ፣ አንዳንዴም ታንኩ አብረው ይነካሉ፤ ሂሳቡም ብዙ ሺህ ዶላር ይደርሳል። ከሂሳቡ የከፋው ደግሞ ሞተሩ በአውራ ጎዳና ላይ፣ ከኋላው ተጎታች እንዳለ፣ ድንገት ነዳጅ አጥቶ ሊጠፋ መቻሉ ነው። የሪኮሉም ምክንያት ይኸው ነበር።

በአሜሪካ ያለው ናፍጣ ነገሩን ያባብሰዋል። ከ2006 ጀምሮ በአውራ ጎዳና ናፍጣ ውስጥ የሚፈቀደው ድኝ ከሚሊዮን 15 እጅ እንዲሆን ተደርጓል። ለአየሩና ለሳንባችን ጥሩ ውሳኔ ነበር። ነገር ግን ድኙ የሚወጣበት ሂደት የናፍጣውን ተፈጥሯዊ ልስላሴም ይቀንሳል። ልስላሴው የሚለካው በሙከራ ብረት ላይ በሚተወው የመፋቅ ጠባሳ ስፋት ሲሆን፣ የአውሮፓ ደረጃ ከ460 ማይክሮን እንዳይበልጥ ሲያዝ የአሜሪካው እስከ 520 ይፈቅዳል። በአውሮፓ ናፍጣ የሚኖር ፖምፓ በአሜሪካ ናፍጣ ላይኖር ይችላል ማለት ነው። ይህን ልዩነት የፖምፓ ሠሪውም መኪና ሠሪውም ያውቁታል፤ የማያውቀው ገዢው ነው።

ራም በዚህ ብቻውን አይደለም። እንዲያውም ቀድሞት የሄደ ትምህርት ነበረለት። ጀነራል ሞተርስ በ2011 ሞዴል የዱራማክስ ሞተሩ ላይ ያንኑ የፖምፓ ዓይነት አስገብቶ እስከ 2016 ቆየ፤ በ2017 የዴንሶ ፖምፓ ተካው። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ከሰሱት፤ በ2024 በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመታረቅ ተስማማ። ፎርድም በ2011 በራሱ ባሠራው 6.7 ሊትር ፓወር ስትሮክ ሞተር ላይ ይህንኑ ቤተሰብ ፖምፓ ተጠቅሞ ተከሷል። እንግዲህ ራም በ2019 ሲፒ4ን ሲመርጥ ጀነራል ሞተርስ ፖምፓውን ትቶ መሄዱ የአደባባይ ነገር ነበር። ይህ ሁሉ እየታወቀ ለውጡ ለገዢው በትልቁ አለመነገሩን ነው የምንኮንነው። በ2021ም የማስታወቂያው ርዕስ ቶርኩ ወደ 1,075 ከፍ ማለቱ ነበር። ለጭነት ሠራተኛው ግን ከ75 ፓውንድ-ፉት ጭማሪው ይልቅ የፖምፓው መመለስ ትልቁ ዜና ነው።

የሞዴል ዓመት የሚባለው ነገር ራሱ ልል ነው። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ደንብ መሠረት የአንድ ሞዴል ዓመት ምርት የዚያን ዓመት ጃንዋሪ 1 እስካካተተ ድረስ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ሊጀመር ይችላል። በዓመቱ መሐል ሞተር የተቀየረባቸው ጊዜያትም አሉ። ራም ገና በዶጅ ስም ሲሸጥ በ1998 አጋማሽ ባለ 12 ቫልቩ ከሚንስ በባለ 24 ቫልቭ ተተካ፤ በ2007 አጋማሽ 5.9 ሊትሩ ወደ 6.7 ተለወጠ። የፎርድ 2003 ሞዴል ሱፐር ዱቲ ደግሞ ከሁለት አንዱን ሞተር ይዞ ይገኛል፦ በጥንካሬው የሚወደሰውን 7.3 ሊትር፣ ወይም ፎርድንና ሞተር ሠሪውን ናቪስታርን ፍርድ ቤት ያቆመውን 6.0 ሊትር። ሁለቱም ሊብሬ ላይ 2003 ናቸው። ለዚህ ነው በሙያው ያሉ ሰዎች «ዘጠና ስምንት ተኩል» እና «ሁለት ሺህ ሰባት ተኩል» የሚሉ ስሞችን ራሳቸው የፈጠሩት። አምራቹ ያላወጣውን ልዩነት መካኒኮች ስም አወጡለት።

ሕጉም ይህን የመኪና ክፍል ትንሽ ራቅ አድርጎ ትቶታል። በአዲስ መኪና መስኮት ላይ የሚለጠፈው የነዳጅ ፍጆታ መግለጫ ጠቅላላ የክብደት ወሰናቸው ከ8,500 ፓውንድ በላይ የሆኑ ፒክአፖችን አያካትትም። ግማሽ ቶን የሚባለውን ትንሹን ፒክአፕ የሚገዛ ሰው በጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄድ ተጽፎ ያገኛል፤ ነዳጅ ዋና ወጪው የሆነው የከባዱ ገዢ ግን አያገኝም። በፍሎሪዳ ደግሞ ብልሹ አዲስ መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቀው ሕግ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሆኑ የጭነት መኪናዎችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል፤ 3500 ከሚባሉት ከባድ ፒክአፖች ብዙዎቹ ከዚያ በላይ ናቸው። በመኪናው እንጀራውን የሚጋግር ሰው በመኪናው ገበያ ከሚሄድ ሰው ያነሰ መረጃና ያነሰ ጥበቃ ማግኘቱ ፍትሐዊ አይደለም።

በዓይን የማይታይ ለውጥም አለ። ከሚንስ በ2013–2019 ሞዴል የራም 2500 እና 3500 መኪኖች፣ 630,000 በሚያህሉት ላይ፣ የጭስ ቁጥጥሩን የሚያልፍ ሶፍትዌር አስገብቷል ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት ተከሶ በ2023 መጨረሻ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ጥፋት አላመነም። ገንዘቡ ግን በአየር ንጽሕና ሕግ ታሪክ ከተጣሉት የፍትሐ ብሔር ቅጣቶች ሁሉ ትልቁ ነው። እነዚያን መኪኖች የገዙ ሰዎች በኮምፒዩተሩ ውስጥ ምን እንደተጻፈ ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።

አምራቾች የሚሰጡትን መልስ እናውቃለን። በአንድ መኪና ላይ በየዓመቱ ብዙ ክፍሎች ይለወጣሉ፤ አቅራቢ ይቀየራል፣ ብሎን ይቀየራል፤ ሁሉን መዘርዘር ገዢውን ግራ ያጋባል፣ ተፎካካሪንም ይጠቅማል ይላሉ። እኛ ብሎኑን አልጠየቅንም። የናፍጣ ፖምፓን፣ ኖዝልን፣ ቱርቦን፣ ካምቢዮን፣ ፍሬንን፣ ማቀዝቀዣንና የጭስ ማጣሪያን ነው የጠየቅነው። ይህ ደግሞ አዲስ የሚሠራ ሥራ አይደለም። የትኛውም የአከፋፋይ መለዋወጫ ክፍል የመኪናውን የቪን ቁጥር ሲያስገባ የትኛው ፖምፓ እንደሚገጥም፣ ከየትኛው የምርት ቀን በኋላ ክፍሉ እንደተቀየረ ካታሎጉ ይነግረዋል። አለበለዚያ ትክክለኛውን ዕቃ መሸጥ አይቻልም። መረጃው ተጽፎ ተቀምጧል፤ የቀረው ለገዢው መክፈት ብቻ ነው። ስለተፎካካሪ የሚነገረውም አያሳምንም፤ ተፎካካሪው መኪናውን ገዝቶ ሊፈታው ይችላል።

ሕጋዊ መሠረቱም ቢሆን አለ። አምራቾች ስለ ብልሽትና ጥገና ለአከፋፋዮቻቸው የሚልኳቸውን መመሪያዎች ለብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አስተዳደሩም በድረ ገጹ ያወጣቸዋል። ከተበላሸ በኋላ የሚጻፈውን ማሳወቅ ግዴታ ከሆነ፣ ከመበላሸቱ በፊት የተቀየረውን ማሳወቅ ግዴታ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ለውጥን አንቃወምም። በ2025 ሞዴል ራም ሁለቱን ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮዎቹን ትቶ በአንድ ባለ ስምንት ማርሽ ተክቷል፤ ለዓመታት የባለቤቶች ስጋት የነበረውን የአየር ማሞቂያ ፍርግርግም አንስቶ በካንዴሌታ ቀይሮታል። የዚያ ማሞቂያ ብሎን ላልቶ ወደ ሞተሩ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የቆየ ነው። እርምጃው መልካም ነው። ከ2018 ሞዴል በኋላ የእጅ ካምቢዮ መቅረቱም ለብዙ አሮጌ ሾፌር ቢያሳዝንም ቢያንስ በግልጽ የሚታይ ነበር፤ ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ፍሪሲዮን እንደሌለው ማንም ያያል። የምንጠይቀው የማይታየውም እንዲሁ እንዲታወቅ ነው።

ፍርዳችን በአሠራሩ ላይ ይህ ነው፤ ራም፣ ጀነራል ሞተርስና ፎርድ የየሞዴል ዓመቱን የዋና ዋና ክፍሎች ለውጥ ከነምርት ቀኑ በድረ ገጻቸው ያውጡ። ካላወጡ የደኅንነት አስተዳደሩ በደንብ ያስገድዳቸው።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ለተዘጋጃችሁ ደግሞ፦ ከ17ቱ የቪን ፊደላትና ቁጥሮች አሥረኛው የሞዴል ዓመቱን ይነግራል። ኬ 2019 ነው፣ ኤል 2020፣ ኤም 2021። በኬ ወይም በኤል የተመዘገበ የራም ናፍጣ መኪና ካገኛችሁ ቪኑን በደኅንነት አስተዳደሩ ድረ ገጽ በነፃ አስገብታችሁ የፖምፓው ሪኮል መፈጸሙን አረጋግጡ፤ ፖምፓው በሲፒ3 የተተካበትን የአከፋፋይ ወረቀትም ጠይቁ። የበሩ ምሰሶ ላይ ካለው ስቲከር የተመረተበትን ወርና ዓመት አንብቡ። ሪኮሉ ያልተፈጸመ ከሆነ ጥገናው በማንኛውም የራም አከፋፋይ ያለክፍያ የሚሠራ ስለሆነ፣ ሻጩ ከሽያጩ በፊት አሠርቶ ያምጣው። አላሠራም ካለ አትግዙ።