ተመልካች ያላዘዘው ፍጻሜ

ስለ "ዘ ራይዝ ኦቭ ስካይዎከር" የሚነሳ ክርክር ብዙ ሳይቆይ ወደ ቁጥር ይዞራል። በዲሴምበር 2019 (እ.ኤ.አ.) ዲዝኒ የአዲሱን የ"ስታር ዎርስ" ትሪሎጂ ማሳረጊያ ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ሮተን ቶማቶስ በተባለው የፊልም ሒስ ማሰባሰቢያ ላይ ፊልሙን የወደዱት ሐያስያን ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ እዚያው ጎን የሰፈረው የተመልካች ውጤት ግን 86 በመቶ ደርሶ ነበር። ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣው መካከለኛው ክፍል፣ "ዘ ላስት ጄዳይ"፣ የገጠመው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከሐያስያን 90 በመቶ የሚያህል ድጋፍ ሲያገኝ የተመልካቹ ቁጥር ግማሽ እንኳ አልሞላም። ከዚህ ተነስቶ ብዙ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ አጭርና ጥርት ያለ ነው፤ ሁለተኛውን ፊልም ሐያሲ ወደደው፣ ሕዝብ ጠላው፤ ኩባንያው ሕዝቡን ሰምቶ ራሱን አረመ፤ ሕዝቡም ሦስተኛውን ወደደለት። እኔ ይህን ድምዳሜ አልቀበለውም። ሦስተኛው ፊልም የተበላሸው ከፍ ብሎ የተሰማ ድምፅ ሁሉ የተመልካች ድምፅ ተደርጎ ስለተወሰደ ነው፤ ቁጥሮቹም ረጋ ብሎ ለመረመራቸው ሰው የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ መለኪያውን እንይ። "ዘ ላስት ጄዳይ" በ2017 ሲወጣ ሮተን ቶማቶስ ላይ ድምፅ ለመስጠት ስም ማስመዝገብ ይበቃ ነበር፤ ፊልሙን ስለማየትህ የሚጠይቅህ አልነበረም። በ2019 መጀመሪያ ላይ "ካፕቴን ማርቭል" ገና ሲኒማ ቤት ሳይደርስ የስድብና የጥላቻ አስተያየት ሲወርድበት ድርጅቱ አሠራሩን ለመለወጥ ተገደደ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ገደማ ቲኬት መግዛታቸው የተረጋገጠ ተመልካቾችን ለይቶ መቁጠር ጀመረ። ስለዚህ የ2017ቱ ዝቅተኛ ቁጥር የተሰበሰበው በሩ ለሁሉም ክፍት በነበረበት ጊዜ ነው፤ የ2019ኙ 86 በመቶ ደግሞ ገንዘብ ከፍለው ከገቡ ሰዎች ነው። ሁለቱን ማወዳደር አንዱን እህል በቁና፣ ሌላውን በሚዛን ለክቶ የትኛው ይበልጣል ብሎ እንደመከራከር ነው። ለሁለቱም ፊልሞች አንድ ዓይነት የሆነ መለኪያ ቢፈለግ ሲኒማስኮር አለ። ይህ ድርጅት ከ1979 ጀምሮ ፊልም በተከፈተበት ምሽት በየሲኒማ ቤቱ ለተመልካች ካርድ እያደለ እንደ ትምህርት ቤት ውጤት በፊደል ደረጃ ያወጣል። በእሱ መዝገብ የትሪሎጂው መጀመሪያ "ዘ ፎርስ አዌክንስ" ኤ አገኘ፤ ሕዝብ ጠላው የተባለው "ዘ ላስት ጄዳይ"ም ኤ አገኘ፤ ሕዝቡን ሰምቶ ተሠራ የተባለው ማሳረጊያ ግን ቢ ፕላስ። ቢ ፕላስ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያስፈግግ ውጤት ነው፤ በመክፈቻ ምሽት ተሰልፎ ከሚገባ ወዳጅ ሲመጣ ግን ቅዝቃዜ ነው። በ1999 የወጣውና ለዓመታት መሳለቂያ የነበረው "ዘ ፋንተም ሜናስ" እንኳ ከዚያው መዝገብ ኤ ማይነስ ይዞ ወጥቷል።

የመክፈቻ ምሽት ተመልካች የቀናው ወዳጅ ነው እንጂ ሕዝቡን አይወክልም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ሆኖም ጥያቄያችን የአንዱን ፊልም ውጤት ከሌላው ጋር ማስተያየት ስለሆነ ይህ ተቃውሞ ለእኔ ክርክር ያግዛል። በ2017 የመጣውም በ2019 የመጣውም ያው የቀናው ወዳጅ ነው፤ ያው ሰው ሁለተኛውን ኤ ብሎ ሦስተኛውን ዝቅ አደረገው።

ታዲያ በሁለቱ ፊልሞች መካከል ያን ያህል የጮኸው ማን ነበር? ሞርተን ቤይ የተባለ ተመራማሪ በ2018 ለ"ዘ ላስት ጄዳይ" ዳይሬክተር ለራየን ጆንሰን በትዊተር የተላኩ መልእክቶችን አጥንቶ፣ አሉታዊ የሆኑት ከአምስት አንድ ያህል እንደነበሩ፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ የፖለቲካ ዓላማ ካላቸው ወይም ጭራሽ ሰው ካልሆኑ አካውንቶች የመጡ እንደሚመስሉ ጽፏል። በዚያው ፊልም ሮዝ ቲኮን ሆና የተጫወተችው ኬሊ ማሪ ትራን በዘሯና በመልኳ ላይ ያነጣጠረ ስድብ ሲበዛባት በዚያው ዓመት የኢንስታግራም ገጿን አጸዳች፤ በነሐሴም በ"ኒውዮርክ ታይምስ" ላይ ስለደረሰባት ነገር ጽፋ አወጣች። ይህን ስል "ዘ ላስት ጄዳይ"ን ያልወደደ ሁሉ ዘረኛ ወይም ማሽን ነው እያልኩ አይደለም። ሉክ ስካይዎከርን ተስፋ የቆረጠ፣ ከሰው የሸሸ ሽማግሌ ሆኖ ማየት ያሳዘናቸው ሰዎች ኀዘናቸው እውነተኛ ነው። በካንቶ ባይት የቁማር ከተማ የሚባክነው ጊዜም ያለ ጥርጥር ይረዝማል፤ ግማሹ ቢቆረጥ ፊልሙ ምንም አይጎድልበትም ነበር። ነጥቡ ሌላ ነው። እውነተኛ ቅሬታ ያለው ተመልካች ምን እንደጎዳው ይናገራል፤ ቀጣዩን ፊልም እንዴት እንደሚጽፉት ግን አይናገርም፤ ሥራውም አይደለም።

ሦስተኛው ፊልም ያደረገውን እንመልከት። በመካከለኛው ክፍል የትሪሎጂው ዋና ገጸ ባሕርይ ሬይ ወላጆቿ ለመጠጥ ገንዘብ ሲሉ የሸጧት ተራ ውራጅ ነጋዴዎች መሆናቸውን ትሰማለች፤ ታሪኩም የሚዘጋው ስም በሌለው የበረት ጠራጊ ልጅ ነው፤ መጥረጊያው ሳይነካው ወደ እጁ ሲሳብ ፎርስ የሚባለው ኃይል የማንም ቤተሰብ ርስት እንዳልሆነ እናያለን። ጄ. ጄ. ኤብራምስና ክሪስ ቴሪዮ በጻፉት ማሳረጊያ ሬይ የንጉሠ ነገሥት ፓልፓቲን የልጅ ልጅ ሆና ተገኘች፤ መጨረሻ ላይም የስካይዎከርን ስም ወሰደች። ኃይሉ ተመልሶ ወደ ሁለት ቤተሰብ ገባ፤ የበረቱ ልጅ ተረሳ። የሬይ ባላንጣ ኪሎ ሬን በሁለተኛው ፊልም የሰባበረው የራስ ቁር በሦስተኛው ተጠግኖ ተመለሰ። ሉክ በሁለተኛው ፊልም የብርሃን ሰይፉን ከትከሻው ወደ ኋላ ወርውሮት ነበር፤ በሦስተኛው የሉክ መንፈስ ሬይ የወረወረችውን ሰይፍ ቀልቦ ይህ መሣሪያ ክብር ይገባዋል ብሎ ይገሥጻታል። ሮዝ ቲኮ ደግሞ ከዋና ገጸ ባሕርይነት ወርዳ ከሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ በሚፈጀው ፊልም ውስጥ የምትታየው ለአንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ለየብቻው ምክንያት ሊገኝለት ይችላል፤ ተደራርበው ሲታዩ ግን ፊልሙ ተመልካቹን እያየ የሚናገር ሳይሆን ከወንድሙ ጋር የሚጣላ ነው የሚመስለው።

ከዚህ የሚብሰው ፍርሃቱ ነው። የሬይ ጓደኛ ቹባካ ሞተ ተብለን ገና ሳናዝን በሌላ መርከብ ላይ ተጭኖ እንደነበር ይነገረናል። ሮቦቱ ሲ-ስሪፒኦ ትዝታው እንዲጠፋ ተስማምቶ ጓደኞቹን ለመጨረሻ ጊዜ ከተሰናበተ በኋላ፣ ትዝታው ከተቀመጠበት ተገልብጦ ይመለስለታል። ማንም እንዳይከፋ ተብሎ የተሰላ ታሪክ ማንንም አያስለቅስም። ፓልፓቲንም ከሞት የተነሳው በማብራሪያ አይደለም፤ መነሳቱ የተነገረው በመክፈቻው ጽሑፍ ሲሆን፣ ዓለሙን አናወጠ የተባለው መልእክቱ ራሱ የተሰማው ከፊልሙ ውስጥ ሳይሆን ቀደም ብሎ "ፎርትናይት" በተባለው የቪዲዮ ጌም ላይ ነው። የዘጠኝ ፊልም ታሪክ መቋጫ ቁልፍ በአንድ ቅዳሜ ለጌም ተጫዋቾች ተሰጠ ማለት ነው። ይህን ያዘዘ ተመልካች መኖሩን አላምንም።

ማሳረጊያ ፊልም ከሌላው ክፍል የሚለየው ወደ ኋላ ተመልሶ የቀደሙትን ትርጉም መለወጥ ስለሚችል ነው። በ1983 በወጣው "ሪተርን ኦቭ ዘ ጄዳይ" ዳርዝ ቬደር ልጁን ለማዳን ንጉሠ ነገሥቱን አንስቶ ወደ ጉድጓዱ ሲወረውረው ስድስት ፊልም የሚያህል ታሪክ የተንጠለጠለበት ትዕይንት ሆነ፤ ቬደር ከመሆኑ በፊት አናኪን ይባል የነበረው ሰው ውድቀትና ንስሐ የሚለካው በዚያች ቅጽበት ነው። ፓልፓቲን በ2019 ተመልሶ ሲመጣ የአባትየው መሥዋዕትነት የጠላትን መመለስ ለጥቂት አሥርት ዓመታት ያዘገየ ብቻ ሆኖ ቀረ። ብዙ ተመልካች ከአዳራሹ ሲወጣ በውል ሊገልጸው ያልቻለው ብስጭት ምንጩ ይህ ይመስለኛል። የተነካበት ያለፈው ፍቅሩ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ፤ አልሸሻቸውም። የመጀመሪያው ችግሩ የሥራ ሁኔታ ነበር የሚለው ነው። ሌያን ሆና የተጫወተችው ኬሪ ፊሸር በዲሴምበር 2016 አርፋለች፤ ሌያ በሦስተኛው ፊልም የምትታየው ለ"ዘ ፎርስ አዌክንስ" ተቀርጾ ባልገባ ምስል ነው። ፊልሙን ሊሠራ የነበረው ኮሊን ትሬቮሮው በሴፕቴምበር 2017 ተሰናብቶ ኤብራምስ ዘግይቶ ተተካ። ቴሪዮም የሮዝ ቲኮ ድርሻ ያነሰው ከፊሸር ምስል ጋር የታሰቡላት ትዕይንቶች በጥራት አልሆን ስላሉ መሆኑን ገልጿል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ የሰው ልብ ውስጥ ገብቼ ለስድብ ሰጪዎች እጅ ሰጡ ብዬ መፍረድም አልችልም። ሆኖም የፊሸር ሞት የሬይን አያት አልመረጠም፤ የትሬቮሮው መሰናበትም የቹባካን ሞት አልሰረዘም። የሥራ ችግር የሚያስረዳው የጎደለውን ነው። እዚህ የምንነጋገረው ግን ስለተጨመረው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። "ዘ ፎርስ አዌክንስ" በዓለም ዙሪያ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ "ዘ ላስት ጄዳይ" 1.3 ቢሊዮን ገደማ፣ ማሳረጊያው 1.07 ቢሊዮን ገደማ አስገቡ፤ መውረዱ የጀመረው ከሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛው የወንድሙን ዕዳ ነው የከፈለው ይላሉ። ከአሥር ዓመት ናፍቆት በኋላ የመጣን ፊልም ገቢ ቀጣዩ እንዳይደርስበት መጠበቅ ያለ ነው። በፊተኛው ትሪሎጂ ደግሞ የሆነውን እናስታውስ፤ በ2002 የወጣው "አታክ ኦቭ ዘ ክሎንስ" 650 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ አስገብቶ ሳለ በ2005 የተከተለው "ሪቬንጅ ኦቭ ዘ ሲዝ" 850 ሚሊዮን ገደማ ላይ ደረሰ። ባልተወደደ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሦስተኛ ክፍል ተመልካች መልሶ ሊጠራ ይችላል ማለት ነው። ደግሞም ቢ ፕላሱን የሰጡት ከቤት የቀሩት አይደሉም፤ ከፍለው ገብተው አይተው የወጡት ናቸው። የ86 በመቶዎቹንም ደስታ አልንቅም፤ የጆን ዊልያምስን ሙዚቃ፣ የድሮ ገጸ ባሕርያትን ስንብት፣ የመርከቦቹን ጦርነት ወደው የወጡ ሰዎች ናቸው። "ወደድከው ወይስ ጠላኸው" ሲባል "ወደድኩት" ማለት ግን ምን ያህል እንደወደዱት አይናገርም፤ የፊደል ደረጃው የያዘው ያንን ልዩነት ነው።

ሦስተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ጊዜ ይፈርዳል የሚለው። "ሪቬንጅ ኦቭ ዘ ሲዝ" በ2025 ለሃያኛ ዓመቱ ሲኒማ ቤት ሲመለስ አዳራሾች ሞልተዋል፤ በ2005 ሕፃናት የነበሩት አድገው መጥተዋል። የ2019 ሕፃናትስ በ2039 አይመጡም ወይ? ይመጡ ይሆናል። ነገር ግን የጆርጅ ሉካስ ትሪሎጂ ጉድለቱም ጥንካሬውም የአንድ ሰው ነበር፤ ንግግሩ ቢደርቅ እንኳ ሪፐብሊክ እንዴት በጭብጨባ እንደሚሞት ሊነግረን የፈለገው ነገር ነበረው፤ ከ2008 የጀመረው የ"ክሎን ዎርስ" አኒሜሽንም ያንን ሐሳብ ይዞ አሰፋው። ወደ አንድ ሥራ ተመልሶ የሚመጣ ትውልድ የሚመለሰው እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ሐሳብ ስላለ ነው። "ዘ ራይዝ ኦቭ ስካይዎከር" ግን ዋና ሐሳቡ ይቅርታ ነው፤ ይቅርታ የተጠየቁት ሰዎች ካለፉ በኋላ የሚያየው ልጅ ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አይገባውም።

ሉካስፊልም በኤፕሪል 2023 ለንደን ላይ ዴዚ ሪድሊ ሬይን ሆና የምትመለስበት፣ ሻርሚን ኦባይድ-ቺኖይ የምታዘጋጀው ፊልም እንደሚሠራ አስታውቋል፤ ሬይ የጄዳይን ሥርዓት እንደ አዲስ ስታቆም የሚያሳይ ነው ተብሏል። ያ ፊልም ለእይታ የሚበቃ ከሆነ ጸሐፊዎቹ ገና በመጀመሪያው ገጽ የሚጋፈጡት ጥያቄ የሬይ ተማሪዎች ከየት ይመጣሉ የሚለው ነው፤ ትልቅ ስም ካላቸው ቤቶች ወይስ ከየበረቱ? ከየበረቱ ካሉ ማሳረጊያው የዘጋውን በር መልሰው መክፈት ይኖርባቸዋል፤ ያኔ በኢንተርኔት ላይ የሚቆጣ አይጠፋም። ይቆጣ።