እጅ ወደ ስለት ሲሄድ

ማንዶሊን ሲባል ለአብዛኞቻችን ወዲያው ትዝ የሚለን ሙዚቃ ነው። የአየለ ማሞን ማንዶሊን የሰማ ሰው ይህን ስም ከሌላ ነገር ጋር ለማያያዝ ይቸገራል። ዛሬ በዚህ ዐምድ ላነሣው ያሰብሁት ማንዶሊን ግን ክር የለውም፤ ያለው ስለት ነው። ዜማም አያወጣም፤ የሚሰማበት ድምፅ ቢኖር ካሮትና ድንች በላዩ ሲንሸራተቱ የሚያሰሙት ነው። ሁለቱ የሚመሳሰሉት የጣት ሥራ በመሆናቸው ነው፤ የሚለያዩት ደግሞ አንደኛው ጣትን ሲያሠለጥን ሁለተኛው ጣትን ሊያሳጥር የሚችል በመሆኑ ነው።

ይህ በፈረንሳይኛ ስሙ ማንዶሊን የተባለው የወጥ ቤት ዕቃ አሠራሩ ቀላል ነው። ጠፍጣፋ ገበታ አለው፤ በገበታው መካከል እጅግ የተሳለ ስለት ተጋድሞ ተተክሏል። ከስለቱ ፊት ያለው የገበታው ክፍል ከፍና ዝቅ ስለሚደረግ የሚቆረጠውን ነገር ውፍረት 1፥ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አድርጎ መወሰን ይቻላል። ከዚያ በኋላ ድንቹን ወይም ሽንኩርቱን በገበታው ላይ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ነው፤ አንድ ግፊት አንድ ቅጠል ያወጣል። አብሮትም አትክልቱን በጥርሶቹ ነክሶ የሚይዝ፥ ክዳን የመሰለ የእጅ መከላከያ ይሸጣል። ይህን ክዳን አንባቢዎቼ በልባቸው እንዲያኖሩልኝ እለምናለሁ፤ የዛሬው ጨዋታችን በእርሱ ዙሪያ ነውና።

«አንተ የትምህርት ቤት አስተማሪ፤ ወጥ ቤት ምን ወሰደህ?» የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። የኔ ዕድሜ እኩዮች፥ ማለት ተማሪዎችና አዲስ የተቀጠሩ የመንግሥት ሠራተኞች፥ ብዙዎቹ ከእናታቸው ቤት ወጥተው በኪራይ ክፍል የሚኖሩ ናቸው። ደመወዝ ለምግብ ቤት አልበቃ ሲል ሰው ምግብ መሥራት ይማራል። የሚማረውም ከመጽሐፍ አይደለም፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አንዱ የቻለ ጓደኛ ሌሎቹን ሰብስቦ ሠርቶ ሲያሳይ ነው። አሁን ደግሞ ስልኩን ከፊቱ ተክሎ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሠርቶ የሚያሳይ ወጣት በዝቷል። ስለዚህ ሠርቶ ማሳየት አንድ የማስተማር ዘዴ ሆኗል፤ የማስተማር ነገር ሲሆን ደግሞ እኔንም ይመለከተኛል።

በመጀመሪያ ይህ ዕቃ ከቢላዋ ይልቅ የሚያስፈራበትን ምክንያት እንመልከት። ቢላዋ በምንይዝበት ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ስለቱ ነው፤ አትክልቱ ይቆማል፤ የያዘውም እጅ እንዲሁ። እናቶቻችን ሽንኩርቱን በመዳፋቸው ላይ እንደያዙ ያለ መክተፊያ ጣውላ ሲከትፉ አይተን ተገርመናል። ጣታቸው የማይቆረጠው ስለቱን የሚያዘው እጃቸው ራሱ ስለ ሆነ ነው፤ የት እንደሚቆም ያውቃል። በማንዶሊን ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ስለቱ ተተክሎ ይቆማል፤ የሚሄደው እጅ ነው። እጃችን በራሱ ጉልበትና ፍጥነት ወደ ስለቱ ይገሠግሣል፤ በሁለቱ መካከል ያለውም ግድግዳ አትክልቱ ብቻ ነው። ግድግዳው ደግሞ በያንዳንዱ ግፊት ይቀንሳል።

ነገሩን በሒሳብ ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቁመቱ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ድንች አለን እንበል፤ ይህ 60 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረቱን በ3 ሚሊ ሜትር ብንወስነው ድንቹ በ20 ግፊት ያልቃል። በሴኮንድ አንድ ጊዜ ብንገፋ ከመጀመሪያው ግፊት አንሥቶ ጣታችን ስለቱን እስኪነካ ያለው ጊዜ 20 ሴኮንድ ብቻ ነው። ይህም አንድ ሰላምታና «ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ?» ከሚፈጀው ጊዜ የሚበልጥ አይደለም። በዚህ ላይ ጉዳቱ ከቢላዋ ጉዳት የተለየ ነው። ቢላዋ አብዛኛውን ጊዜ ሥጋን ይሰነጥቃል፤ ሐኪሙም ሁለቱን ከንፈር አጋጥሞ ይሰፋዋል። ማንዶሊን ግን የጣትን ጫፍ እንደ ድንቹ ቅጠል አድርጎ ገሽልጦ ስለሚወስደው የሚጋጠም ነገር ላይገኝ ይችላል። ቁስሉ ከታች ተነሥቶ ሥጋ እስኪሞላ ሳምንታት መጠበቅ ይሆናል።

በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ የማውቀው ወጣት የደረሰበት ይህ ነው። ሰውዬው በሙያው የተመሰገነ ነው፤ ጓደኞቹን ጠርቶ ሰላጣ አሠራር ያሳያቸው ጀመር። ከተመልካቾቹ አንዱ፥ «ወንድሜ፥ ያንን ክዳን አታደርግበትም እንዴ?» ቢለው፥ «እሱ የልጆች ነው፤ እኔ እጄ ለምዷል» ብሎ ሣቀ፤ ሌሎቹም አብረው ሣቁ። ካሮቱ ሲጀመር ረጅም ነበር። እርሱ ወደ ሰዎቹ እየተመለከተ ስለ ኮምጣጤውና ስለ ዘይቱ መጠን ሲያስረዳ ካሮቱ አጠረ። በመጨረሻው ግፊት የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ጫፍ ሄደ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ደብዳቤ የጻፈው በሦስትና በአራት ጣት እየተደናበረ ነው። በዚያው ላይ ገና የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ ተቀጣሪ ነበር፤ ሥራ አጓደለ እንዳይባል የተሰማውን ጭንቀት አንባቢ ይገምተው።

ይህ ሰው ሙያ አልጐደለውም፤ ዕቃውም አልተበላሸበትም። ጣቱን የቆረጠው ይሉኝታ ነው። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ክዳኑን ያደርግበት ነበር። ሰው ፊት ሲሆን ግን «ፈሪ ነው፤ አልለመደም» እንዳይባል ተወው። በሀገራችን ይሉኝታ ብዙ መልካም ነገር ይሠራል፤ ከነውር ይጠብቃል፤ ታላቅን ያስከብራል። በስለት አጠገብ ግን ቦታ ሊሰጠው አይገባም። ሠርቶ ማሳየት ከተራው የምግብ ሥራ ይልቅ አደገኛ የሚሆነውም ስለዚሁ ነው፤ ዐይን ወደ ተመልካች ይሄዳል፤ አፍ ይናገራል፤ ልብ ምስጋና ይፈልጋል፤ እጅ ግን ብቻውን ቀርቶ ወደ ስለቱ ይጓዛል።

እንግዲህ ሰው ሰብስቦ ለማሳየት ያሰበ ሁሉ የሚከተሉትን ቢጠብቅ ይጠቀማል።

አንደኛ፤ ገበታው አይንሸራተት። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አጥፎ ማንጠፍ ይበቃል። አትክልቱም ታጥቦ ይደረቅ፤ እርጥብ ድንች ከእጅ ያመልጣል። ክብ ነገር ሁሉ አስቀድሞ በቢላዋ ለሁለት ተከፍሎ ጠፍጣፋው ፊት ወደ ገበታው ይሁን፤ ክብ እንደ ሆነ ቢገፋ ይንከባለላልና።

ሁለተኛ፤ ክዳኑ ከመጀመሪያው ግፊት ጀምሮ እጅ ላይ ይሁን። «ሲያጥር አደርገዋለሁ» ማለት አይበጅም፤ ያጠረበትን ሰዓት ማንም ልብ አይለውም። ክዳኑ የማይዘው ረጅም ነገር ከሆነ አስቀድሞ በቢላዋ ይቆረጥ።

ሦስተኛ፤ ጮክ ብሎ መቍጠር። ይህ ከክፍል ያመጣሁት ዘዴ ነው። ያው 60 ሚሊ ሜትር ድንች 20 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቁም ብንል፥ የምንገፋው 40 ሚሊ ሜትሩን ብቻ ነው፤ ይህም በ3 ሲካፈል 13 ግፊት ይሆናል። «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» እያሉ እስከ 13 ቈጥሮ ማቆም፤ የቀረውን ቁራጭ በቢላዋ መጨረስ፥ ወይም ለሾርባ ማስቀመጥ። ቍጥሩ ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ ተመልካቹ መቼ እንደሚቆም ይማራል፤ አሳዪውም ሌላ ወሬ ለማውራት አፉ አይፈታም።

አራተኛ፤ ምላስና እጅ ተራ ይግቡ። የሚነገር ነገር ካለ እጅ ከገበታው ተነሥቶ ይነገር፤ እጅ ሲሠራ ምላስ ከቍጥሩ በቀር ይረፍ። ጥያቄ የመጣ እንደ ሆነ መጀመሪያ ማቆም፥ ቀጥሎ ቀና ማለት፥ ከዚያ መመለስ ነው። ስልክ የሚቀርጽ ከሆነ ሌላ ሰው ይያዘው ወይም ይተከል፤ በአንድ እጅ ስልክ፥ በሌላው ድንች የያዘ ሰው ሁለቱንም አልያዘም።

አምስተኛ፤ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍ። «እስቲ ልሞክረው» ያለ ሰው ቢኖር ገበታው ላይ ይቀመጥለትና ራሱ ያንሣው። ሕፃናትም ከገበታው ወዲያ ማዶ ይቁሙ እንጂ ከአሳዪው ክንድ ሥር አይሁኑ።

ስለት የማይበሳው ጓንት የሚባለውን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር። እንዲህ ያለው ጓንት ከጠንካራ ክር የሚሠራ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2016 በተሻሻለው ኢኤን 388 በተባለው የአውሮፓ መመዘኛ ስለትን የመቋቋም ኀይሉ ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ ስድስት ደረጃዎች ይለካል፤ በአሜሪካው መመዘኛ ደግሞ ከኤ1 እስከ ኤ9 ዘጠኝ ደረጃ አለ። በሁለቱም ወደ መጨረሻው የቀረበው የበረታው ነው። ነገር ግን ጓንቱ ስለትን ይቋቋማል እንጂ ፈጽሞ አይቆረጥም ማለት አይደለም፤ የሹል ነገር ጫፍም ሊወጋው ይችላል። ልክ ያልሆነ ሰፊ ጓንት ደግሞ ራሱ በስለቱ ይያዛል። ስለዚህ የክዳኑ ረዳት ነው እንጂ ምትክ አይደለም።

ሰው የሚቆረጠው ደግሞ ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ሥራው ካለቀ በኋላ፥ ዕቃውን ሲያጥብም ነው። ስለቱን በሳሙና ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሮ መተው ወጥመድ እንደ መዘርጋት ይቈጠራል፤ እኅት ወይም ጓደኛ ሳያውቁ እጃቸውን ይሰዳሉ። በሚወርድ ውኃ ሥር፥ እጀታ ባለው ብሩሽ፥ ከስለቱ ጀርባ ወደ ጠርዙ አቅጣጫ ማጠብ ነው። ከዚያ ማድረቅ፥ ውፍረቱን ወደ ዜሮ መመለስ፥ ሸፍኖም ማስቀመጥ። ይህም ለተመልካች ሊታይ የሚገባው የትምህርቱ ክፍል ነው።

አደጋ ከደረሰ ምን ይደረግ? ቁስሉን በንጹሕ በሚወርድ ውኃ ማጠብ፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ይዞ እጅን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግና 10 ደቂቃ ሳይገልጡ መጠበቅ። «ቆመ ይሆን?» እያሉ በየደቂቃው መግለጥ የረጋውን ደም ያስነሣዋል። በየቤታችን የተለመደው የቡና ዱቄት ወይም ዐመድ መነስነስ ግን ይቅር፤ ቆሻሻ ወደ ቁስሉ ያስገባል፤ ሐኪሙም መጀመሪያ እርሱን አጥቦ ለማውጣት ይደክማል። ደሙ አልቆም ካለ፥ ጣቱ ከደነዘዘ ወይም አልታጠፍ ካለ፥ ጥፍርም ተነካ እንደ ሆነ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። የተቆረጠ የጣት ጫፍ ከተገኘ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ይታሰር፤ ላስቲኩም በበረዶ ላይ ተቀምጦ አብሮ ይወሰድ፤ በረዶው ራሱ ሥጋውን አይንካ። አትክልት አፈር የነካው ነገር ስለ ሆነ መንጋጋ ቆልፍም መታሰብ አለበት፤ የመጨረሻው ክትባት ከተወሰደ 5 ዓመት ያለፈ እንደ ሆነ ለሐኪሙ መንገር ይገባል። ደም የነካው ምግብ ደግሞ፥ ምንም ያህል ቢደከምበት፥ ይጣል።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው እናቶቻችን ያለ እርሱ ኖረው የለም ወይ?» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ ለሁለት ሰው ሰላጣ ቢላዋ ይበቃል። ለማኅበር ወይም ለሠርግ ብዙ ሽንኩርትና ጎመን በሚከተፍበት ቀን ግን ዕቃው እውነተኛ ረዳት ነው። ነገሩ ዕቃውን መፍራት ሳይሆን ጠባዩን ዐውቆ መያዝ ነው። በአማርኛችን ባለሙያ የምንለው ፈጥኖ የሠራውን ብቻ አይደለም፤ የሠራው ያማረለትን፥ ከሥራውም በደኅና የተነሣውን ነው።

አስተማሪ ሁሉ አንድ ቀን የሚደርስበትን ነገር ተናግሬ ልጨርስ። ተማሪ የሚይዘው የተነገረውን ሳይሆን የታየውን ነው። አንድ ሰው በአፉ «ክዳኑን አትርሱ» እያለ በባዶ እጁ ቢገፋ፥ ከተመልካቾቹ አብዛኛዎቹ በማግሥቱ በባዶ እጃቸው ይገፋሉ። አሳዪው ምናልባት በልምዱ ይተርፍ ይሆናል፤ የሚቆረጠው ግን ከእርሱ አይቶ ቤቱ ሄዶ የሞከረው፥ ልምድ የሌለው ልጅ ነው። ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ጓደኞቻችሁን ሰብስባችሁ ስታሳዩ ክዳኑን ከሁሉ አስቀድማችሁ አንሡት። የሚሥቅ ካለ ይሣቅ፤ ሣቁ ሲያበቃ ጣቶቻችሁ ዐሥሩም ከቦታቸው ይገኛሉ። ደኅና ሰንብቱ።