ጤና አዳሙ ለምልሟል፤ ልጅቷስ?



ቤታችን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የተተከለ ጤና አዳም አለን። በሰሜኑ ዓለም ያሉ ወገኖቻችን ብርዱ ሲመጣ ጤና አዳማቸውንና በሶብላቸውን ከበረዶ ለማዳን ወደ ቤት ያስገባሉ። እኛ ሳንጃ ላይ የምናስገባው ከፀሐይ ለማሸሽ ነው። አገራችን ቆላ ነው። ጎንደርና ዳባት በየጓሮው የሚያድገው ቅጠል እዚህ በበጋ ደጅ ከተተወ ይጠወልጋል።

ሦስት ጊዜ ተክለን ሁለቱ ሞተውብናል። አንዱ ጀሪካኑ ከታች ስላልተበሳ ውኃ ተኝቶበት ሥሩ በሰበሰ። ሌላው ጓዳ ውስጥ ብርሃን አጥቶ መነመነ። አሁን ግን ተምረናል፤ ታቹን በሚስማር እንበሳለን፣ አፈሩን በጣት ነክተን ሲደርቅ ብቻ እናጠጣለን፣ የጠዋት ብርሃን እንዲያገኝ እናደርጋለን። ይኸው ለቡናችንም ለእርጎአችንም ደርሷል።

ባለፈው በጋ ቧንቧው ጠፍቶ ሳለ፣ ውኃ የምትቀዳልን የጎረቤት ልጅ ጀሪካኑን ከጀርባዋ አውርዳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ካመጣችው ውኃ አንድ ጣሳ ቀድተን ጤና አዳሙን አጠጣን። ልጅቷ ቀና ብላ፣ «እትዬ፣ እኔም ጠምቶኛል» አለች። አፈርን። የሁለት ሳምንት ገንዘቧንም «ነገ፣ ነገ» እያልን እንዳልከፈልናት ያን ጊዜ ትዝ አለን።

ጌታ ኢየሱስ ስለዚህችው ቅጠል ተናግሯል። በሉቃስ 11፥42 ፈሪሳውያንን የወቀሳቸው ከጤና አዳም ሳይቀር አሥራት እያወጡ ፍርድንና የእግዚአብሔርን ፍቅር ስለተዉ ነው። አሥራቱን ተዉ አላላቸውም፤ ሁለቱም መደረግ ነበረባቸው። እኛም ጤና አዳማችሁን ንቀሉ አንልም። ነገር ግን ቅጠል ለመንከባከብ ይቀላል፤ አይናገርም፣ ዕዳ አይጠይቅም። ሰው ግን ይጠማል፣ ይደክማል፣ የሠራበትን ይጠብቃል። አሥራታችንን እስከ ሳንቲሙ ቆጥረን፣ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ያሠራነውን የቀን ሠራተኛ ግን «ቆይ» ብለን የምናሰናብት ከሆነ፣ ወቀሳው የእኛም ነው። ዘዳግም 24፥14-15 የድሃው ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ያዝዛል።

«ይህ የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ እንጂ ወንጌል አይደለም» የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት ነው፣ ዕዳ መክፈል አያድንም፤ የዳንነው በጸጋ ነው። ዘኬዎስም ኢየሱስ ቤቱ የገባው ገንዘቡን ከመለሰ በኋላ አልነበረም። ነገር ግን ጌታን ከተቀበለ በኋላ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ተነሣ (ሉቃስ 19፥8)። ጸጋ የገባበት ቤት እንዲህ ይታወቃል። ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችንም በጸሎታችን ርዝመት ሳይሆን በዚህ ብትመዝኑን አንቀየምም።

ያን ቀን ልጅቷን ውኃ አጠጣናት፤ ፀሐይ ሳትገባም ገንዘቧን ከፍለን ይቅርታ ጠየቅናት። ጤና አዳሙ ዛሬም መስኮቱ ሥር አለ። ጠዋት ጠዋት ከማጠጣታችን በፊት ግን እርስ በርሳችን እንጠያየቃለን፤ ያልከፈልነው፣ የረሳነው፣ ደጃችን ላይ ተጠምቶ የተቀመጠ ሰው አለ ወይ? እናንተም ቤት ይህ ጥያቄ ይጠየቅ።

ጌታ ልባችንን ያቅናልን። አሜን!