የካውንቲው አማካይና የገበሬው ማሳ

ፊዚክስ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአንድ ጋዝ ሙቀት መጠን የሞለኪዩሎቹን አማካይ የእንቅስቃሴ ጉልበት ይነግረናል እንጂ አንዲቱ ሞለኪዩል በምን ፍጥነት እንደምትጓዝ አይነግረንም። በቤተ ሙከራ ውስጥ ይህ አያሳስበንም፤ ሞለኪዩል የምታስተዳድረው ቤተሰብ የላትምና። አማካይ የሕዝብ ገንዘብ ማከፋፈያ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የአሜሪካ መንግሥት ለገበሬዎች የሚሰጠው ድጎማ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአሜሪካ የግብርና ሕግ ካመጣቸው የክፍያ ዓይነቶች አንዱ የሚሰላው በካውንቲ ደረጃ ነው። ካውንቲ ከእኛ ወረዳ ጋር ሊነጻጸር የሚችል የአስተዳደር እርከን ነው። በስሌቱ መሠረት የአምስት ዓመት የካውንቲው ምርትና የአገሪቱ የገበያ ዋጋ ይወሰዳል፤ ከየአንዳንዳቸው ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥሎ የቀሩት ሦስቱ አማካይ ይወጣል፤ ሁለቱ አማካዮች ሲባዙ የመነሻ ገቢ ይገኛል። የዓመቱ የካውንቲ ገቢ ከመነሻው 86 ከመቶ በታች ሲወርድ መንግሥት ልዩነቱን እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይከፍላል። በ2025 የወጣው ሕግ 86ቱን ወደ 90 ከፍ አድርጎታል። ክፍያው የሚታሰበው ገበሬው ዘንድሮ በዘራው መሬት ሳይሆን፣ ቀደም ሲል በተዘራው መጠን በመዝገብ በሰፈረው መሬት 85 ከመቶ ላይ ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። የአንድ ካውንቲ የበቆሎ መነሻ ገቢ በአክር 800 ዶላር ነው እንበል። የ90 ከመቶ ወለሉ 720 ዶላር ይሆናል። የዓመቱ ገቢ 680 ከሆነ በአክር 40 ዶላር ይከፈላል፤ በመዝገብ 100 አክር ያለው ገበሬ 3,400 ዶላር ያገኛል። የእርሱ ማሳ ያማረ ምርት ሰጥቶ ቢሆንም ያገኛል። በተቃራኒው የካውንቲው ገቢ 760 በሆነበት ዓመት፣ በረዶ ማሳውን ያወደመበት ገበሬ ከዚህ ክፍያ አንድ ሳንቲም አያይም።

ታዲያ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ተሳስተዋልን? እንዲህ ብሎ መደምደም ችኮላ ይሆናል። እያንዳንዱን ማሳ መለካት ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ አንድ ገበሬ ብቻውን የካውንቲውን አማካይ ዝቅ ማድረግ ስለማይችል፣ ክፍያ ለማግኘት ሲል እርሻውን ችላ አይልም። በረዶ የመታው ገበሬም መንግሥት ዓረቦኑን የሚደጉምለት የሰብል ኢንሹራንስ ሊኖረው ይችላል። የአማካዩን ስህተት ሌላ መሣሪያ ያርመዋል ማለት ነው።

እኛን የሚያሳስበን እንዲህ ያለው ማረሚያ በሌለበት አገር የሚሆነው ነው። በ2009 በትግራይ ለጤፍ ገበሬዎች የተጀመረው ኢንሹራንስ ካሳ የሚከፍለው በሳተላይት በተገመተ የዝናብ መጠን እንጂ ማሳውን አይቶ አልነበረም። ድሃ ገበሬዎች ዓረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍሉ መፈቀዱ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ ሳተላይቱ ዘነበ ባለበት፣ ማሳው ግን በደረቀበት ወቅት ዓረቦን የከፈለው ገበሬ ሰብሉንም ካሳውንም ያጣል። በሬውን ሸጦ ቀለብ የሚገዛው ይህ ሰው ነው።

ስለዚህ አማካይ ይቅር አንልም። በየትኛውም የክፍያ ቀመር ላይ አማካዩ ከእውነተኛው ማሳ ምን ያህል እንደሚርቅ ተለክቶ ለገበሬው አስቀድሞ ይነገረው እንላለን። በቤተ ሙከራ ሪፖርት የስህተቱን መጠን ያልጻፈ ተማሪ ማርክ ይቀነስበታል፤ የገበሬ ጎተራ የሚወስን ቀመር ከዚህ ያነሰ ሊጠየቅ አይገባም። የዝናብ መለኪያ መትከል፣ የጎረቤታሞች ማሳ ምርት መመዘንና ከሳተላይቱ ግምት ጋር ማነጻጸር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ብትጀምሩት የሚጠቀምበት ሰው ሩቅ አይደለም።