መናፈሻ እንደ ቤተ ሙከራ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአዲስ አበባ ከሚገኙት መናፈሻዎች በአንዱ አረፍ ብዬ ሳለሁ፣ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመው ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛዋ «ጥድ ነው» ስትል፣ ሌላው «የለም፣ ዝግባ ነው» ይላል። በዛፉ ላይ ስሙን የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረምና በአቅራቢያው የነበሩትን የጥበቃ ሠራተኛ ጠየቁ። እርሳቸውም «ዛፉን እንኳ አላውቀውም፤ ሣሩን ግን አትርገጡ» አሏቸው።

በወቅቱ ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ውሎ አድሮ ግን ከቀልድነቱ ይልቅ ቁም ነገርነቱ ጎልቶ ታየኝ።

እንደሚታወቀው ከተማችን እንደ ብሔረ ጽጌ ካሉት ነባር መናፈሻዎች በተጨማሪ ባለፉት ዓመታት በርካታ አዳዲስ የመዝናኛ ሥፍራዎችን አግኝታለች። አንድነት ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ እንጦጦ ፓርክ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍተዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም 705 ሄክታር ያህል ስፋት አለው። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን ወደነዚህ ሥፍራዎች የምንሄደው ለሠርግ ፎቶግራፍ፣ ለልደትና ለሻይ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን መናፈሻ ከዚህ የሰፋ አገልግሎት አለው። መሣሪያ ለጎደለው ትምህርት ቤት መናፈሻ ጣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራ ነው።

ምሳሌ ላቅርብ። በፀሐያማ ቀን ቴርሞሜትር ይዛችሁ በመጀመሪያ አስፋልት ዳር፣ ቀጥሎም በዛፍ ጥላ ሥር ለኩ። ልዩነቱ የሚመጣው ጥላው ፀሐይን ስለከለለ ብቻ አይደለም። ዛፉ ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሎቹ በኩል ያተናል። አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን ወደ 2.4 ሚሊዮን ጁል ሙቀት ያስፈልጋል፤ ይህም ያንኑ ውኃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ስምንት እጥፍ ያህል ነው። በክፍል ውስጥ በቃል የምናጠናው የትነት ሙቀት በመናፈሻው ውስጥ በቆዳችን ይሰማናል።

ወደ እንጦጦ ስትወጡም ሌላ ትምህርት ይጠብቃችኋል። ከቦሌ ሜዳ እስከ ተራራው አናት ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 900 ሜትር ይጠጋል። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ካስታወሳችሁ፣ ጃኬት ያስፈለጋችሁ ለምን እንደሆነ በእርሳስና በወረቀት ታሰላላችሁ። እዚያው ከአውስትራሊያ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የተስፋፋውን ባሕር ዛፍ ታገኛላችሁ። ከሥሩ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ከልላችሁ የበቀሉትን የዕፅዋት ዓይነቶች ቁጠሩ፤ ከዚያም ተመሳሳይ ስፋት ያለውን ቦታ በአገር በቀል ዛፍ ሥር ቁጠሩ። ስለ ባሕር ዛፍ የሚነገረውን ሙገሳና ወቀሳ በራሳችሁ ቁጥር መመዘን ትጀምራላችሁ።

የመናፈሻ ጥቅም ለጤናም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አነጻጽረው ነበር። በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት፣ የጡብ ግድግዳ ይታያቸው ከነበሩት ይልቅ ቶሎ ከሆስፒታል የወጡ ሲሆን የወሰዱት ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻም አነስተኛ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በየመናፈሻው ያሉ ዛፎች የአማርኛና የሳይንስ ስማቸው፣ እንዲሁም የትውልድ አገራቸው የተጻፈበት ሰሌዳ ይኑራቸው። ሁለተኛ፣ መግቢያ የሚያስከፍሉት ሥፍራዎች በሳምንት አንድ ቀን ከመምህራቸው ጋር ለሚመጡ ተማሪዎች በነጻ ይከፈቱ። ያለ ገንዘብ መናፈሻ አይጠበቅም የሚሉ ይኖራሉ፤ እውነት አላቸው። ዳሩ ግን ጎብኚ በሚያንስበት የሥራ ቀን ተማሪን ማስገባት የሚያጎድለው ገቢ እምብዛም አይደለም። ደግሞም ስሙን የማያውቀውን ዛፍ ሲቆረጥ አይቶ የሚቆረቆር ዜጋ ከወዴት ይገኛል? ሦስተኛው ሥራ የእናንተው የተማሪዎች ነው። ሰሌዳው እስኪተከል አትጠብቁ፤ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።

ለነገሩ የሁለቱን ተማሪዎች ክርክር ቅጠሉ ራሱ ይፈታው ነበር። የዝግባ ቅጠል ረዘም ያለና ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ያደገ የሐበሻ ጥድ ቅጠል ግን ጥቃቅንና እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ያ ዛፍ ዝግባ ነበር። ይህን ለመለየት ሣሩን መርገጥ እንኳ አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ በቂ ነው።