ገመድ ጉተታ ስፖርት ከሆነ፣ ገመድ ዝላይስ?

ባለፈው ወር በሴቶች መኝታ ቤት የሚኖሩ እኅቶቻችን ለማኅበራችን የስፖርት ኮሚቴ አንድ ማመልከቻ አቅርበው ነበር። የጠየቁት ነገር ከባድ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን በቅርጫት ኳሱ ሜዳ ላይ አንዳንድ ሰዓት እንዲፈቀድላቸው፣ በፋኩልቲዎች መካከል በየዓመቱ በሚደረገውም ውድድር ገመድ ዝላይ ከውድድሮቹ እንደ አንዱ እንዲመዘገብ ነበር። ገመዱን ከኪሳቸው አዋጥተው ገዝተዋል፤ ሳንቲም አልጠየቁም። ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ካሰበበት በኋላ በቃል የሰጠው መልስ፣ ገመድ ዝላይ የልጆች ጨዋታ እንጂ ስፖርት አይደለም የሚል ሆነ። በጽሑፍ ለመመለስ እንኳ አልተገባም። በማግሥቱ በሜዳው ላይ ሲለማመዱ የተገኙትም፣ ተጫዋቾች ሊመጡ ነውና ልቀቁ ተብለው ተነሡ። ተጫዋቾቹ ግን አልመጡም፤ ሜዳው እስኪመሽ ድረስ ባዶውን ቆመ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ከማመልከቻው ፈራሚዎች ጥቂቶቹና በነገሩ ከእነርሱ ጋር የተስማማን ወንዶች ነን። ኮሚቴውን ለመሳደብ አልተነሣንም። ከአባሎቹ ውስጥ ወዳጆቻችን አሉ፤ በአንድ አዳራሽ እንበላለን፣ ማስታወሻም እንበዳደራለን። ነገር ግን የሰጡት መልስ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም በገመድ ላይ ብቻ የሚቆም ስላልሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ኮሚቴውን በራሱ ሚዛን እንመዝነው። በዓመታዊው ውድድራችን እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ የጠረጴዛ ቴኒስና ቼዝ አሉ። በመዝጊያው ቀን ደግሞ በመምህራንና በተማሪዎች መካከል የገመድ ጉተታ ይደረጋል። ይህን ጉተታ እኛም እንወደዋለን። አምና ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ተነክሮ ቀርቶ በካልሲ ሲጎትቱ ለዋሉት መምህራችን ያላጨበጨበ ተማሪ አልነበረም። ገመድ ጉተታ ከ1900 እስከ 1920 በኦሊምፒክ ውስጥ ሜዳልያ የሚሰጥበት ውድድር እንደ ነበረም እናውቃለን። ታዲያ ያንኑ ገመድ አሥር ሰው ሲጎትተው ስፖርት፣ አንዲት ልጅ ስትዘለው የልጆች ጨዋታ የሚሆነው በምን ፍርድ ነው?

መረብ ኳስን እንውሰድ። ዊልያም ሞርጋን የተባለ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ በ1895 በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ይህን ጨዋታ የፈጠረው፣ ቅርጫት ኳስ ለሚያደክማቸው በዕድሜ ገፋ ላሉ የወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር አባሎች ቀለል ያለ መዝናኛ ይሆናቸው ዘንድ ነው። ዛሬ ተነሥቶ መረብ ኳስ የሽማግሎች መዝናኛ ነውና ከውድድር ይውጣ የሚል ሰው ቢኖር ኮሚቴው ራሱ ይስቅበታል። የጨዋታ አነሣሡ ሳይሆን የደረሰበት ደረጃ ይታያልና።

ድካሙ አነስተኛ ነው የሚሉም አልታጡም። ለዚህ የባለሙያዎች መለኪያ አለ። ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያወጣውን ኃይል አንድ ብለው ይነሡና፣ እያንዳንዱ ሥራና ጨዋታ የዚያን ስንት እጥፍ እንደሚጠይቅ ይመዘግባሉ። በ2011 በወጣው ዝርዝር የጠረጴዛ ቴኒስ 4፣ የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ 8፣ የእግር ኳስ ውድድር 10 ተሰጥቶታል። በደቂቃ ከ120 እስከ 160 ጊዜ የሚዘለል ገመድ የተሰጠው ቁጥር 12.3 ነው። የቼዝን ቁጥር ለጊዜው አናነሣም፤ ቼዝ የሚጫወቱ ወዳጆቻችንን ማስቀየም አንፈልግም።

ለመሆኑ ከኮሚቴው አባሎች ውስጥ የገመድ ዝላይ ውድድር እንዴት እንደሚካሄድ የጠየቀ አለን? በዓለም አቀፉ ሕግ የፍጥነት ውድድር አለ፤ በሠላሳ ሴኮንድ ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ ዘላዩ እንደ ሯጭ እግሩን እያፈራረቀ ይዘላል። ዳኞች የሚቆጥሩት የቀኝ እግሩን ብቻ ነው፤ ሁለቱን እግሮች መቁጠር ለሰው ዓይን አይቻልምና። ከምልክቱ በፊት የጀመረ ይቀጣል። አንድ ጊዜ ከመሬት ተነሥቶ ገመዱን ሦስት ጊዜ ከእግር በታች የማሳለፍ ውድድርም አለ፤ ዘላዩ ገመዱ እስኪይዘው ድረስ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ነጻው ትርዒት ደግሞ ከአንድ ደቂቃ ከሩብ አይበልጥም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ዘላዩ እጆቹን እያጠላለፈ፣ በእጁ እየቆመ፣ በአየር ላይ እየተገለበጠ ገመዱን ሳያስቆም ያሳያል፤ ዳኞችም እንደ ጂምናስቲክ የሥራውን ክብደትና የአቀራረቡን ውበት ለየብቻ ይመዝናሉ። ሁለት ተፎካካሪ የዓለም ማኅበሮች በ2018 ተዋሕደው አንድ ዓለም አቀፍ የገመድ ዝላይ ኅብረት አቋቁመዋል፤ በ2023 በአሜሪካ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ በ2025 በጃፓን በካዋሳኪ የዓለም ሻምፒዮና ተደርጓል።

ስለ ዘላዮቹ አንድ ምሳሌ ብቻ እንናገር። በደቡብ ቻይና በጓንጆ ከተማ ዳርቻ፣ ሰፊ ሜዳም ብዙ ገንዘብም ያልነበረው አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ላይ ሽዋንጅ የተባለው የስፖርት መምህር ኳስና መሮጫ የሌለበትን ግቢ አይቶ፣ ትንሽ ቦታና ጥቂት ወጪ የሚበቃውን ገመድ መረጠ። ተማሪዎቹ ጎንበስ ብለው፣ ጉልበታቸውን ሰበር አድርገው፣ ከመሬት ብዙም ሳይነሡ በቀጭን የሽቦ ገመድ እንዲዘሉ አሠለጠናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሴን ሽያውሊን በ2015 በዱባይ በተደረገው የዓለም ትምህርት ቤቶች ውድድር በሠላሳ ሴኮንድ በቀኝ እግሩ ብቻ 110 ቆጠረ። ግራውን ጨምሮ 220 ማለት ነው፤ በአንድ ሴኮንድ ከሰባት ጊዜ በላይ። ዳኞቹ በዓይናቸው መከተል አቅቷቸው ፊልሙን በዝግታ እያስኬዱ እንደ ቆጠሩ በጊዜው በብዙ ጋዜጦች ተጽፏል። ይህ የልጆች ጨዋታ ከሆነ፣ እኛም እንደዚህ ያሉ ልጆች እንዲኖሩን እንመኛለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ የቁጥርና የደንብ ክርክር በእውነቱ የነገሩ ሥር አይደለም።

ቦክሰኛ ገመድ ሲዘል ያየ ሁሉ ልምምድ ላይ ነው ይላል። የልጆች ጨዋታ ይጫወታል ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም፤ ቢኖርም ፊት ለፊት አይለውም። ገመዱ ያው ነው፣ ዝላዩም ያው ነው፣ ላቡም ያው ነው። የተለወጠው ዘላዩ ብቻ ነው። እንግዲህ ኮሚቴያችን ስፖርት አይደለም ያለው ገመዱን ሳይሆን ገመዱን የያዙትን ነው ብንል ተሳስተናልን?

በየግቢያችን ያደግንበትን እናስታውስ። ወንዱ ኳስ፣ ሴቷ ገመድና ሱዚ። ሁለቱ ያዞራሉ፣ ሦስተኛዋ ትገባለች፣ የቀሩት እየዘፈኑ ይቆጥራሉ፤ የሳተች ወጥታ ታዞራለች። ወንዱ ልጅ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ኳሱን ተው የሚለው የለም። እንዲያውም ለቡድን ይመለመላል፣ ማልያ ይሰጠዋል፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም ሜዳ ይጠብቀዋል። ሴቷ ግን በዚያው ዕድሜ አሁን አድገሻል፣ መዝለል ይብቃሽ ትባላለች። ገመዱ የልጆች ጨዋታ የሆነው ልጆች ስለሚጫወቱት አይደለም፤ ኳስንም ልጆች ይጫወቱታል። የልጆች ጨዋታ ሆኖ የቀረው አድገው ሊቀጥሉት የፈለጉትን ስላስቆምናቸው ነው። ካስቆምናቸው በኋላ ተመልሰን ያደገ ሰው አይጫወተውም እንላለን። ይህን የመሰለ አስተያየት በአመክንዮ ትምህርት ክፍል ውስጥ ያቀረበ ተማሪ ምን ነጥብ እንደሚያገኝ መምህሮቻችን ይንገሩን።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ ጥቁር አሜሪካውያን ልጃገረዶች ሁለት ገመድ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ እያዞሩ በመካከሉ የሚዘሉትን፣ ዳብል ደች የሚባለውን ጨዋታ በየእግረኛው መንገድ ላይ ለብዙ ዘመን ሲጫወቱት ኖረዋል። ብዙ ጊዜም ገመዱ የልብስ ማስጫ ገመድ ነበር። ለወንዶቹ የቅርጫት ኳስ ሜዳ በየሠፈሩ ሲኖር፣ ለእነርሱ የተዘጋጀ ነገር እምብዛም አልነበረም። በ1973 ዴቪድ ዎከርና ዩሊሰስ ዊልያምስ የሚባሉ ሁለት ፖሊሶች ይህን አይተው ለጨዋታው የውድድር ደንብ አወጡ። በየካቲት 1974 በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር ስድስት መቶ የሚጠጉ ተማሪዎች ተካፈሉ። የኒው ዮርክ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ግን ዳብል ደችን ከሌሎች ስፖርቶች እኩል አድርገው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር የተቀበሉት በ2009 ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት! የኛን ኮሚቴ ሦስት ሳምንት ስናስብ መታገሥ ነበረብን ይሆናል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የማንወደው ነገር እንዳለም መሸሸግ አይገባንም። ካይራ ጎንት የተባለች ምሁር በ2006 ስለ ጥቁር ልጃገረዶች ጨዋታ ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ ጨዋታው የውድድር ስፖርት ሲሆን ልጃገረዶቹ እየዘለሉ የሚያዜሙት ዜማ ወደ ጎን ቀርቷል። ደንቡን ያወጡትም ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ ኮሚቴው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ደንቡን እኛ እናወጣላችኋለን እንዳይለን ከወዲሁ እንጠይቃለን። ከእኛ መካከል ደንቡን አንብበው የጨረሱ አሉ። መቁጠሪያው ይመጣል፤ ዘፈኑም አይቀርም። ሁለቱን ማስኬድ ካቃተን ያን ጊዜ ይፈረድብን።

ሴት ይህን አትችልም፣ ይህ ለሴት አይሆንም የሚለው ቃል በስፖርት ውስጥ ስንት በር እንደ ዘጋ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም ይልቅ ልናውቅ ይገባናል። በ1928 በአምስተርዳም ሴቶች 800 ሜትር ሮጠው ደክሟቸው ታዩ ተብሎ ርቀቱ ከሴቶች ኦሊምፒክ ተሰረዘ። የተመለሰው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በ1960ው የሮማ ኦሊምፒክ ነው። የሴቶች ማራቶን እስከ 1984፣ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር እስከ 1988 በኦሊምፒክ አልነበረም። አስተውሉ፤ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ወርቅ ያገኘችው በ1992 ነው። በሩ ከተከፈተ ገና ሁለተኛው ኦሊምፒክ መሆኑ ነው። ያን በር የያዙት ሰዎች ጥቂት ዓመት ቢጨምሩ ኖሮ ደራርቱ የምትሮጥበት ውድድር አይኖርም ነበር፤ ዛሬ በየመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍነውም ፎቶግራፍ አይኖርም ነበር። ከስፖርት ኮሚቴው ቢሮ በር በላይ የተሰቀለው የማን ሥዕል እንደ ሆነ ጎራ ብሎ ማየት ይቻላል።

ከሌላ ወገን የሚመጣ ወቀሳም እንዳለ ሰምተናል። በአገር ላይ ስንት ጉዳይ እያለ ስለ ገመድ ይጻፋል ወይ የሚሉ ወንድሞች አሉ። ጉዳይ መኖሩን አንክድም፤ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ስንጽፍበት ቆይተናል። ነገር ግን እነዚሁ ወንድሞች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝ ክለቦች ኳስ በሚታይበት አዳራሽ የፊት ወንበር ይዘው ሲጮኹ እናያቸዋለን። የአርሰናል መከላከያ ለአገር ጉዳይ እንቅፋት ካልሆነ፣ የእኅቶቻችን አንድ ሰዓት እንዴት ይሆናል? ደግሞስ እኩልነትን በወረቀት ላይ እያሰመርን፣ ባዶ ሜዳ ላይ የሚዘሉትን ተነሡ ማለት ምን ይባላል?

ከመምህሮቻችንም የምንጠይቀው አለን። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሚሰጡት መምህራን ገመድን ለማሟሟቂያ ያዙናል፤ አምስት ደቂቃ ዝለሉና ወደ ስፖርቱ እንገባለን ይላሉ። ከዚያች አምስት ደቂቃ በኋላ በግድግዳ ተደግፈው የሚያለከልኩት እነማን እንደ ሆኑ፣ የማይደክማቸውም እነማን እንደ ሆኑ እነርሱም እኛም እናውቃለን። ይህን ለኮሚቴው ቢመሰክሩልን ውለታቸው ትልቅ ነው።

ማመልከቻው እንደ ገና በጽሑፍ ገብቷል፤ በዚህ ጊዜ መልሱም በጽሑፍ እንዲሆን ጠይቀናል። እስከዚያው ድረስ ኳስ ተጫዋቾቹ በማይጠቀሙበት በሐሙስ ቀን ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በሜዳው ላይ እንገኛለን። ለሰው ሁሉ የሚበቃ ገመድ ይዘናል፤ የመቁጠሪያ ሰዓትም አለን። የኮሚቴው አባሎች ቢመጡ ለዳኝነት ሦስት ቦታ ጠብቀንላቸዋል። የሚቆጥሩት የቀኝ እግር ብቻ ነው። ለሠላሳ ሴኮንድ ራሳቸው ሊሞክሩ የሚፈልጉ ካሉም ጫማቸውን አጥብቀው ይምጡ።